የሁላችን እድፍ የማን ሥራ ነው?

በዚህች ጽሑፍ ትንሽ የምትመስል አንዲት ጥያቄ ልናቀርብላችሁ እንወዳለን። ጥያቄዋም ይህች ናት፦ በቤት ውስጥ የእጅ መታጠቢያው ሳህን ተደፍኖ ውኃ አልወርድ ሲል፣ ያን የተደፈነ ቱቦ መክፈት የማን ሥራ ነው?

ከአንባብያን መካከል «ይህ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ ጉዳይ እንጂ የእኛ ጉዳይ ነውን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እኛ ወጣቶች በጉባኤያችን ስለ ነጻ ፈቃድ፣ ስለ ጽድቅና ኵነኔ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ፍትሕ መከራከር እንወዳለን። ይሁን እንጂ ሰው ስለ ፍቅርና ስለ ፍትሕ ምን እንደሚያምን የሚታወቀው በአዳራሽ ሲናገር ብቻ አይደለም። ማንም በማያመሰግነውና እጁ በሚያድፍበት ሥራ ፊት ሲቆምም ይታወቃል። ስለዚህ ጥያቄዋን ሳንንቃት እንመርምራት።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። ስድስት ሰው በሚኖርበት ቤት የመታጠቢያው ውኃ በድንገት አይቆምም። መጀመሪያ ትንሽ ይዘገያል። ቈየት ብሎ አንድ ሰው ፊቱን ታጥቦ እስኪጨርስ ውኃው እስከ ሳህኑ ግማሽ ይሞላል። ቀጥሎም ጉርጉር የሚል ድምፅ ያሰማል፤ «ውኃን ምን ያናግረዋል ቢሉ ድንጋይ» እንደሚባለው፣ ከውስጥ የሚያግደው ነገር እንዳለ ውኃው ራሱ ይናገራል። ይህን ስድስቱም ይሰማሉ፤ ስድስቱም ያያሉ። ነገር ግን አባት ለሥራ ይቸኩላሉ፤ እናት ምጣድ ላይ ናቸው፤ ተማሪው ፈተና አለበት፤ ሌላውም የየራሱ ምክንያት አለው። እያንዳንዱ ሳሙናውን አለቅልቆ ይሄዳል። በመጨረሻ ውኃው ከነአረፋው ቆሞ ሲያድር «ማን ነው የደፈነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱም ከየአቅጣጫው «እኔ አይደለሁም» ይሆናል። የሚያስደንቀው ነገር ስድስቱም እውነታቸውን መሆኑ ነው።

እንዴት እውነታቸውን እንደሆነ ለመረዳት ከሳህኑ ሥር ያለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ከሳህኑ የሚወርደው ቱቦ ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው አይገባም፤ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይቀለበሳል። ባለሙያዎች ሲፎን የሚሉት ይህ ጕብጠት ያለ ምክንያት አልተሠራም። ውኃ በፈሰሰ ቍጥር ጥቂቱ በጕብጠቱ ውስጥ ይቀራል፤ ያም የቀረው ውኃ እንደ መዝጊያ ሆኖ የፍሳሹ ክርፋት ወደ ቤት እንዳይመለስ ይከለክላል። ይህን ብልሃት በ1775 እ.ኤ.አ. ለመጸዳጃ መቀመጫ ተጠቅሞበት የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው አሌክሳንደር ከሚንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። ብዙ ጊዜ ሳይሠራበት የቈየ መታጠቢያ የሚሸተውም በጕብጠቱ ያለው ውኃ ተንኖ ሲያልቅ ነው። እንግዲህ ከክርፋት የሚጠብቀን ያው ጕብጠት፣ ከላይ የወረደው ነገር የሚጠራቀምበትም ቦታ ነው።

የሚጠራቀመውስ ምንድን ነው? ጠጕር አለ፤ ግን አንዲት ዘለላ ጠጕር ብቻዋን ብትወርድ ብዙ ጊዜ ከውኃው ጋር ታልፋለች። ሳሙና አለ፤ ውኃው የካልሲየምና የማግኒዥየም ማዕድን የበዛበት ከሆነ ሳሙናው ከማዕድኑ ጋር ተዋሕዶ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። የሰውነት ቅባት አለ፤ የፂም ቍርጥራጭ አለ፤ በጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስን የሚፈትገው ደቃቅ ዱቄትም አለ። በእነዚህ ሁሉ ላይ ባክቴሪያ ይራባና የሚያሟልጭና የሚያጣብቅ ሽፋን ይሠራል። ጠጕሩ በሳህኑ አፍ ባለው መስቀልኛ ብረት ወይም በቱቦው መጋጠሚያ ላይ ይያዛል፤ ዝቃጩ ያጣብቀዋል፤ የተጣበቀው ደግሞ እንደ መረብ ሆኖ የሚከተለውን ይይዛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው የኅብረትን መልካምነት ስናመሰግን ነው። እዚህ ግን ማንም ሳያስበው የተሠራ ኅብረት አለ፤ የስድስት ሰው ጠጕርና ሳሙና አብሮ ውኃን አሰረ።

ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ኤውቡሊደስ የሚባል የሚሊጢን ተወላጅ ፈላስፋ ነበረ። ስለ እህል ክምር የሚነገረው እንቆቅልሽ የእርሱ ነው ይባላል። አንዲት ቅንጣት እህል ክምር አይደለችም፤ ሌላ አንዲት ብትጨመርባትም ክምር አትሆንም፤ ታዲያ አንድ አንድ እየተባለ ሲጨመር ክምር የሚሆነው በየትኛዋ ቅንጣት ነው? የእኛም ቱቦ እንዲሁ ነው። በየትኛው ጠጕር ተደፈነ? በመጨረሻው ነው እንዳንል፣ የመጨረሻው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ባለፈ ነበር። በመጀመሪያው ነው እንዳንል፣ ከእርሱ በኋላ ለወራት ውኃ ሲወርድ ኖሯል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ለብቻው ሲመዘን ጥፋት ለመባል አይበቃም፤ ሲደመር ግን ጥፋቱ በዐይን ይታያል፤ ይሸታልም። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ብርጭቆው አንድ ሰባሪ አለውና። ስለ ቱቦው ማን ይቅርታ ይጠይቅ? የሰፈር ቆሻሻን፣ በማኅበር ውስጥ የሚከማች ቅያሜን፣ በጉባኤ የሚለመድ መዘግየትን ብናስብ፣ ሁሉም እንደ ብርጭቆው ሳይሆኑ እንደ ቱቦው መሆናቸውን እናያለን። የብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ናቸው።

ለዚህ ጥያቄ በየቤቱ የሚሰጡት መልሶች ሦስት ይመስሉኛል።

የመጀመሪያው «ከሁሉ ይልቅ ያጠፋው ይክፈተው» የሚል ነው። ይህ መልስ ፍትሕን ይመስላል። ብዙ ጊዜም ጣት የሚቀሰረው ጠጕሯ ረጅም በሆነችው እኅት ላይ ነው። «አንቺ ነሽ፤ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ቆመሽ ታበጥሪያለሽ!» ይላታል ወንድሟ። እርሷም «አንተስ ፂምህን የምትላጨው የት ነው?» ትለዋለች። ክርክሩ ማለቂያ የለውም፤ ከላይ እንዳየነው ጠጕሩን ያለ ሳሙናው፣ ሳሙናውንም ያለ ጠጕሩ ለይቶ መክሰስ አይቻልምና። ቱቦውም ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ እንደተደፈነ ይቈያል። በእርግጥ ጥፋተኛን መፈለግ የሚገባበት ጊዜ አለ፤ የምግብ ትርፍ ወይም የቡና አተላ በመታጠቢያው የሚደፋ ሰው ካለ ሊነገረው ይገባል። ነገር ግን ጥፋተኛ ፍለጋው ከሥራው የምንሸሸግበት ዋሻ ሲሆን ፍትሕ መሆኑ ይቀራል።

ሁለተኛው መልስ «የሁላችንም ነውና ሁላችንም እንሥራው» የሚል ነው። ይህ ደግሞ ፍቅርን ይመስላል። ችግሩ ግን ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሳህን ሥር መግባት አለመቻሉ ነው። «ሁላችንም» የሚለው ቃል ስም ካልተጠራበት በቀር ብዙ ጊዜ «ማንም» ማለት ይሆናል። እያንዳንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ሲጠባበቁም ቀን ያልፋል። በማኅበራችንም «ሁላችንም አዳራሹን እንጠርጋለን» ተብሎ የተወሰነ ቀን መጥረጊያውን ማን እንደሚያነሣ እናውቃለን፤ ከሁለትና ከሦስት ሰዎች አይበልጡም፤ እነርሱም ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው።

ሦስተኛው መልስ በአፍ አይነገርም፤ በተግባር ግን የሚፈጸመው እርሱ ነው። ሥራው ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከታናሽ ወደ ተቀጣሪ ይወርድና እምቢ ማለት የማይችል ሰው ዘንድ ሲደርስ ይቆማል። ብዙ ጊዜም ያ ሰው ከገጠር መጥታ በቤታችን ተቀጥራ የምትኖር፣ በዕድሜ የእኛ እኩያ የሆነች ልጅ ናት። እዚህ ላይ ልብ እንበል። በብዙ ቤት ይህች ልጅ ፊቷን የምትታጠበው በዚያ መታጠቢያ አይደለም፤ በግቢው ቧንቧ ነው። እንግዲህ በቱቦው ውስጥ ከተጠራቀመው እድፍ መካከል የእርሷ ድርሻ የለበትም። ስድስት ሰው ያጠራቀመውን፣ ምንም ያላጠራቀመችው ሰባተኛ በእጇ ታወጣዋለች። እኛም ከዚያ በኋላ በንጹሕ ሳህን ፊታችንን ታጥበን፣ ነጠላችንን አጣፍተን፣ ስለ ትሕትና ለመዘመር ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን።

«ደመወዝ ይከፈላት የለምን?» የሚል ይኖራል። ይህ ተቃውሞ ሊናቅ አይገባውም። ለደመወዝ መሥራት ክብር እንጂ ውርደት አይደለም፤ የቧንቧ ሠራተኛም በሙያው የተከበረ ሰው ነው፤ ለሙያው ዋጋ መክፈል ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን አንድ መለያ አለ፤ እያንዳንዳችን ራሳችንን «ይህን ሥራ እኔ ራሴ ብሠራው አፍራለሁን?» ብለን እንጠይቅ። «አላፍርም፤ ዛሬ ግን ጊዜ የለኝም፤ ወይም አልችልበትም» ብለን በእውነት መመለስ ከቻልን የምንከፍለው ለድካም ነው። «አዎን አፍራለሁ» ካልን ግን የምንከፍለው ለድካም ብቻ አይደለም፤ የራሳችንን ኀፍረት በሌላ ሰው ላይ ለመጫን ነው። ለዚህ የሚበቃ ደመወዝ ደግሞ የለም።

ጌታችን በምሳሌ ያስተማረን የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ብርሃን ይሰጠናል። ሳምራዊው ያንን ሰው አልደበደበውም። ቁስለኛውን ባየ ጊዜ ወንበዴዎቹ እነማን እንደ ነበሩ ሲመረምር አልቆመም፤ «መንገዱ የሁሉም ነው፤ ሁሉም ይርዳው» ብሎም አላለፈም። አስቀድሞ በገዛ እጁ ቁስሉን አሰረ፤ በራሱም አህያ ላይ አስቀመጠው፤ በማግስቱ ለእንግዶች ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ። ገንዘብ መክፈሉን እናስተውል። መክፈሉ ግን እጁን ከዘረጋ በኋላ ነው፤ በእጁ ፈንታ የተሰጠ አይደለም።

ከአባቶቻችን ወግ አንዱን ደግሞ እናስታውስ። ለእንግዳ ማዕድ ሳይቀርብ በፊት እጅ ማስታጠብ የአገራችን ልማድ ነው። ከቤቱ ልጆች አንዱ ጎንበስ ብሎ በኩስኩስት ውኃ ያፈሳል፤ ከሥር በያዘው ማስታጠቢያም የታጠቡበትን ውኃ ይቀበላል። በዚህ ልማድ የሰው እድፍ ከዐይን አይሰወርም። የሁሉም እጅ እጣቢ በአንድ ማስታጠቢያ ተቀላቅሎ ይታያል፤ የሚሸከመውና የሚደፋው ሰውም ፊት ለፊት ቆሟልና ሽማግሌው ይመርቁታል። ቱቦ በመጣ ጊዜ ብዙ መልካም ነገር መጣ፤ በሽታም ቀነሰ፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ቱቦው እድፋችንን ከዐይናችን ሲያርቀው፣ የሚሸከምልንንም ሰው አብሮ ከዐይናችን አራቀው። ምርቃቱም አብሮ ቀረ። የተደፈነ ቱቦ ያንን የጋራ ማስታጠቢያ እንደገና ፊታችን ያመጣዋል ማለት ይቻላል።

በጸሎተ ሐሙስ በቤተ ክርስቲያናችን የሕጽበተ እግር ሥርዓት ይፈጸማል፤ አባቶች ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ፤ የወይራና የወይን ቅጠልም ያቀርባሉ። ይህም ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን ለማሰብ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ጌታ ማበሻውን እንደ ታጠቀ፣ ውኃውን በመታጠቢያው እንደ ጨመረ፣ እግራቸውንም አጥቦ እንዳበሰ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ የመንገዱን ትቢያ የተሸከመውን እጣቢ ማን እንደ ደፋው ግን አልጻፈልንም። በዚያ መታጠቢያ የሁሉም ትቢያ ተቀላቅሏል፤ የጴጥሮስ የትኛው፣ የቶማስ የትኛው እንደ ሆነ የጠየቀ የለም። ከትቢያው ድርሻ ያልነበረው አጣቢው ብቻ ነው።

ምናልባት አንድ ሰው ይህን ይዞ «እንግዲያው ድርሻ የሌላት ያች ሠራተኛ እኅታችን ብትከፍተው የጌታን አብነት ተከተለች ማለት ነው» ይል ይሆናል። ይህ እጅግ አደገኛ ስሕተት ነው። ጌታችን ያጠበው በፈቃዱ ነው፤ ሊታጠብ የሚገባው መምህር ሆኖ ሳለ ዝቅ አለ። እርሷ ግን የምትከፍተው እምቢ ብትል እንጀራዋን ስለምታጣ ነው። ትሕትና ማለት ራስን ዝቅ ማድረግ ነው እንጂ ሌላውን ዝቅ አድርጎ «ትሑት ሁን» ማለት አይደለም። እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ ከዚህ የሚወጣ ይመስለኛል። ባለቤት የሌለው ሥራ በመጀመሪያ የሚገባው ላየውና እምቢ ለማለት ሙሉ ነጻነት ላለው ሰው ነው። በእርሱ እጅ ሲሠራ ፍቅር ይሆናልና፤ እምቢ ማለት በማይችለው ሰው እጅ ሲሠራ ግን ግዴታ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ መልስ የሚያመልጡበት ሌላም መንገድ አለ፤ እርሱም ጠርሙስ ነው። ኮስቲክ ሶዳ ወይም ሌላ ኃይለኛ መድኃኒት ገዝቶ በቱቦው አፍ መገልበጥ እጅን ሳያሳድፉ መገላገል ይመስላል። ኮስቲክ ሶዳ ቅባትን ወደ ሳሙናነት ይለውጣል፤ ጠጕርንም ያሟሟል። ይሁን እንጂ በውኃ ውስጥ ሲሟሟ በኃይል ይግላል፤ ቆዳና ዐይንን ያቃጥላል፤ የፕላስቲክ ቱቦንም በግለቱ ሊያጣምም ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው መድኃኒቱ ሳይከፍተው ሲቀር ነው። ያን ጊዜ መርዙ በጕብጠቱ ውስጥ ተኝቶ ቀጥሎ ሲፎኑን የሚፈታውን ሰው እጅና ፊት ይጠብቃል። ያም ሰው ማን እንደሚሆን ከላይ ተናግረናል። አንዱ አልሠራ ሲል ሌላውን የሚጨምርም አለ፤ በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ግን ክሎሪን ጋዝ ያስወጣል። ይህ በ1915 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጅግ ውስጥ በኢፕር ግንባር በወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ ነው። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል። ሶዳና አቼቶ ጉዳት ባያደርሱም፣ ሲገናኙ አረፋ አድርገው እርስ በርሳቸው ይረካከሳሉ እንጂ የተቋጠረ ጠጕርን አይፈቱም።

የደፋነውስ ወዴት ይሄዳል? በአዲስ አበባ ከብዙ ቤት የሚወጣው እጣቢ በቦይ አድርጎ ወደ ወንዝ ይገባል። ወንዞቹ ወደ ትንሹና ወደ ትልቁ አቃቂ ይፈስሳሉ፤ እነርሱም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳሉ። በአቃቂ ዳርቻ በዚያው ውኃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ ጎመኑና ሰላጣው ወደ ከተማው ገበያ ይመለሳል። አዋሽም ከባሕር አይደርስም፤ በኢትዮጵያና በጂቡቲ ወሰን በአቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ስለዚህ «ሄደልን» የምንለው ነገር አልሄደም፤ ሌላ ሰው ደጃፍ ደርሷል እንጂ።

ታዲያ በእጅ መክፈት ያን ያህል ከባድ ነውን? አይደለም። መጀመሪያ ጫፉ እንደ መንጠቆ የተቀለበሰ ቀጭን ሽቦ በሳህኑ አፍ አስገብቶ ጠጕሩን መሳብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ካልበቃ ከሲፎኑ ሥር ባልዲ ማስቀመጥ፣ መጋጠሚያዎቹን ማላላት፤ ፕላስቲክ ከሆኑ በእጅ ይፈታሉ፤ ብረት ከሆኑ እንዳይጫጫሩ በጨርቅ ሸፍኖ በቧንቧ መፍቻ ማዞር። በጕብጠቱ የቆመው ውኃ ባልዲው ውስጥ ይወርዳል። ያን ጊዜ የሚወጣውን ጥቍር ቋጠሮ አይቶ አፍንጫውን የማይዝ የለም። ሲፎኑን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጠብ፣ የጎማ ቀለበቶቹን በየቦታቸው መመለስ፣ አጥብቆ ውኃ መልቀቅ፣ በደረቅ ወረቀትም መጋጠሚያውን ነክቶ አለመንጠባጠቡን ማረጋገጥ ነው። ሲፎኑ ገና ሳይገጠም ባልዲውን በዚያው ሳህን የሚደፉ አሉ፤ እነርሱ እግራቸውንም ይታጠባሉ። ሥራው በሙሉ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ከዚያ በኋላ በሳህኑ አፍ ትንሽ ወንፊት ማድረግና ጠጕርን በወረቀት ለቅሞ መጣል ብዙ ድካም ያስቀራል።

አሁን አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ይኸውም «አንዱ ሁልጊዜ ከከፈተ ሌሎቹ ቸልተኞች ሆነው ይቀራሉ፤ ደግነቱ ስንፍናን ያሳድጋል» የሚለው ነው። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት። ዝም ብሎ የሚያጸዳ ሰው ቤቱን ያጸዳል፤ የቤቱን ሰዎች ግን እንዳሉ ይተዋቸዋል። ቈይቶም በልቡ ማጉረምረም ይጀምራል፤ ያን ጊዜ የተደፈነው ቱቦ ከሳህኑ ሥር ወደ ራሱ ውስጥ ይዛወራል። ስለዚህ ትሕትና ዝምታ መሆን የለበትም። የመጀመሪያውን ጊዜ ያለ ክርክር ይሥራው፤ ሲሠራ ግን በሩን ዘግቶ አይሥራው። ታናሹን «ና፣ መብራት ያዝልኝ» ይበለው፤ እኅቱን «ባልዲውን አቀብይኝ» ይበላት፤ የወጣውንም ቋጠሮ ማንንም ሳይከስ ያሳያቸው። ይህን አንድ ጊዜ በዐይኑ ያየ ሰው ጠጕሩን በሳህኑ ሲለቅ እጁ ቅር ይለዋል። ከዚያ በኋላ «በሚመጣው ወር ተራው የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ቂም አይደለም፤ «ሁላችንም» የሚለውን ቃል ስም መስጠት ነው። ሠራተኛይቱም በተራው ውስጥ የምትገባ ከሆነ ለሁሉም በሚሠራው ሕግ ትግባ፤ ያን ጊዜም መታጠቢያው የእርሷም መታጠቢያ ይሁን።

ለታላላቆቻችን ደግሞ በአክብሮት የምንለው አለ። አባትና እናት በየሳምንቱ ከሳህን ሥር እንዲገቡ የሚጠብቅ ልጅ የለም። ነገር ግን አባት አንድ ጊዜ እጅጌያቸውን ሰብስበው ሲፎን ሲፈቱ ያየ ልጅ፣ ስለ ትሕትና ከሰማው ስብከት ሁሉ ያንን አስቀድሞ ያስታውሳል ብለን እናምናለን።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሰንበት ጉባኤያችን ይህን ጥያቄ እንድንወያይበት ሐሳብ እናቀርባለን፤ ባለቤት የሌለው ጥፋት ባለ ዕዳው ማን ነው? ላየው ነው ያልነው መልስ ልክ ነውን? አይቶ ማለፍ ካለማየት ይከፋልን? ለውይይቱም ያህል እያንዳንዳችን በቤታችን፣ በሰፈራችንና በማኅበራችን ጉርጉር እያለ ሁሉም የሚያልፈውን አንድ ነገር ፈልገን ስሙን ጽፈን እንምጣ። እስከዚያው በቤቱ ውኃው የዘገየበት ሰው ካለ፣ ባልዲው የት እንደሚቀመጥ ሌላ ሰው ሳይጠይቅ ይፈልገው።